ሁለት መምህራን፣ አንድ 69

ሁለቱም ቢሮዬ የመጡት በአንድ ቀን ነው። እሷ ከምሳ በፊት፣ እሳቸው ከምሳ በኋላ። የያዙት ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው፦ 69። ሁለቱም ተናደዋል። ከቁጥሩ ስር ያለው ፊርማ ደግሞ የኔ ነው።

ያኔ የአንድ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነበርኩ። የመምህራን ምዘና በኔ ስር ነው። ከዚህ በታች የምተርከው ያ 69 ከየት እንደመጣ፣ ስንፈታው ምን እንዳገኘንበት፣ ከዚያም ምን እንደቀየርንና ምን እንዳቃተን ነው። ስም አልጠቅስም። ሰዎቹ እንዳይለዩ ብዬ ቁጥሮቹን ትንሽ አሸጋሽጌያለሁ፤ ታሪኩን ግን አልነካሁትም።

መነሻው

ከዚያ በፊት የነበረን ምዘና ለስሙ ያህል ነበር። የዲፓርትመንት ኃላፊ በሴሚስተር አንዴ ክፍል ይገባል፣ ቅጽ ይሞላል፣ ሁሉም ሰው ከ90 በላይ ያገኛል። ማንም ተቀይሞበት አያውቅም። ማንም ተምሮበትም አያውቅም። የኛ ብቻ ጉድ አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በ12 የትምህርት ወረዳዎች ላይ የተሠራ ጥናት ይፋ ሲሆን፣ "አጥጋቢ አይደለም" የተባሉት መምህራን ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም ነበር።

ቦርዱ "ይሄ ምዘና ነው ወይ?" ብሎ ሲያፋጥጠን አዲስ ቀመር አወጣን። ግማሹ ከክፍል ምልከታ፣ ግማሹ ከተማሪዎች ውጤት። ምልከታው 24 መስፈርት ባለው ቅጽ ከ4 ይሰጣል። ውጤት የምንለው የሴክሽኑን የማጠቃለያ ፈተና አማካይ ነው። እያንዳንዱን ከ50 አድርገን እንደምራለን። ቀላል ነው፣ ግልጽ ነው፣ ለሁሉም እኩል ነው ተባባልን። ኤክሴሉን የሠራሁት እኔ ነኝ። ኮርቼበትም ነበር።

ሁለቱ መምህራን

ሁለቱም የ7ኛ ክፍል ሒሳብ ያስተምራሉ። እሷ ገና ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ክፍሏ ይንጫጫል። ተማሪው በቡድን ይቀመጣል፤ ግድግዳው ከካርቶን በተሠሩ ቅርጾች ተሞልቷል። እሳቸው ከ25 ዓመት በላይ አስተምረዋል። ጠመኔ፣ ሰሌዳ፣ ድምፅ፤ በቃ። ክፍላቸው ውስጥ የሚሰማው የእስክሪብቶ ድምፅ ብቻ ነው።

እሷ ምልከታው ላይ 3.6 አገኘች፤ ከ50 ሲሰላ 45። የሴክሽኗ አማካይ 48 ስለሆነ 24 ተደመረላት። 69። እሳቸው ምልከታው ላይ 2.6 አገኙ፤ 32.5። የሴክሽናቸው አማካይ 73 ስለሆነ 36.5 ተደመረላቸው። 69።

ከ70 በታች የሆነ ሁሉ የማሻሻያ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ደብዳቤው ለሁሉም አንድ ነው፤ ስም ብቻ ይቀየራል። "የማስተማር ዘዴዎንና የተማሪዎችዎን ውጤት እንዲያሻሽሉ" ይላል።

እሷ እንዲህ አለችኝ፦ "ዘዴሽ ጥሩ ነው ብላችሁ 3.6 ሰጥታችሁኛል። ታዲያ የቱን ዘዴ ነው የማሻሽለው?"

እሳቸው ያሉት ያጥራል፦ "ልጆቼ ከሁሉም ሴክሽን አንደኛ ወጡ። እኔ ደብዳቤ ደረሰኝ።"

ለሁለቱም መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ዓይኔ ከሁለቱ 69ኞች አልነቀል አለ። አንዷን ክፍል ውስጥ ሲያዩአት ግሩም ናት፣ ውጤቷ ግን ዝቅ ያለ ነው። አንዱን ሲያዩአቸው ደረቅ ናቸው፣ ውጤታቸው ግን ከፍ ያለ ነው። ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ልዩነት ነበር። እኛ ግን ደምረን አጠፋነው።

ውጤቱን ስንፈታው

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ገዛ መሳቢያዬ ነው። ዓመቱ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ዲፓርትመንቱ ለ7ኛ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ የመግቢያ ፈተና ሰጥቶ ነበር። በጋራ ታርሟል፣ ተመዝግቧል፣ ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። አውጥቼ ሳየው የእሷ ሴክሽን አማካይ 34 ነው። የእሳቸው 62።

ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ መድከም አላስፈለገም። "ጎበዞቹን" አንድ ሴክሽን ማድረግና ልምድ ላለው መምህር መስጠት የቆየ ልማዳችን ነው። ማን እንደወሰነው የሚያውቅ የለም። በየዓመቱ እንዲሁ ይደረጋል። እንግዲህ ገና ሲጀመር በሁለቱ ክፍሎች መካከል 28 ነጥብ ልዩነት ነበር። መጨረሻ ላይ 25 ሆነ። ያንን 25 ነው ለመምህራኑ ያሸከምናቸው። በዚያ ላይ ከእሷ ተማሪዎች ስድስቱ ሴሚስተሩ ከተጋመሰ በኋላ የገቡ ናቸው። እነሱም አማካዩ ውስጥ አሉ።

ቀጥሎ እርማቱን አየን። ፈተናው አንድ ቢሆንም ሁሉም የራሱን ሴክሽን ነው ያረመው። ርዝመቱ 12፣ ወርዱ 7 የሆነ ሬክታንግል ስፋቱ ስንት ነው የሚል ጥያቄ ነበር። አንድ ተማሪ 12ን በ7 ማባዛት እንዳለበት አውቆ 74 ብሎ ጻፈ። መልሱ 84 ነው። እሳቸው ለዚህ ዓይነት መልስ ከ3፣ 2 ይሰጣሉ፤ መንገዱ ልክ ነው ብለው። እሷ ዜሮ ትሰጣለች፤ መልሱ ስህተት ነው ብላ። ሁለቱም የሚከራከሩበት ምክንያት አላቸው። ችግሩ ይህ ልዩነት የመምህር ውጤት ሆኖ መቆጠሩ ነው።

አንድ የማረሚያ ቁልፍ አዘጋጅተን፣ የተማሪ ስም ሸፍነን፣ ወረቀቶቹን አቀያይረን እንደገና አሳረምን። የእሷ 48 ወደ 51 ወጣ። የእሳቸው 73 ወደ 70 ወረደ። ፈተናው ያው፣ ልጆቹ ያው፤ ከልዩነቱ 6 ነጥብ ጠፋ።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ልሠራ ስል ዳንኩ። ቁጥሩን ሳሰላው የእሷ ልጆች ከ34 ወደ 51፣ በ17 ነጥብ አድገዋል። የእሳቸው ከ62 ወደ 70፣ በ8። "ይኸው! እሷ ከእጥፍ በላይ አሳድጋለች!" አልኩ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ገልብጬ ለመጻፍ ተዘጋጀሁ።

የዲፓርትመንት ኃላፊዋ አስቆመችኝ። የስታቲስቲክስ ሰው ናት። "ቆይ እንጂ፣ አትቸኩል" አለችኝ። ሁለት ነገር አስረዳችኝ። አንደኛ፣ በአንድ ፈተና በጣም ዝቅ ያለ ተማሪ በሚቀጥለው ፈተና፣ ብዙ ባይማር እንኳ፣ ወደ መሃል የመጠጋት ዝንባሌ አለው። ያን ቀን አሞት ሊሆን ይችላል፤ ግምቱ ሁሉ ስቶበት ሊሆን ይችላል። ከላይ ያለውም በተራው ወደ መሃል ይወርዳል። ሁለተኛ፣ 90 ያመጣ ልጅ ከ10 ነጥብ በላይ የሚያድግበት ቦታ የለውም። ጣሪያው ይመልሰዋል። ከዚህም ሌላ የመግቢያውና የማጠቃለያው ፈተና አንድ ዓይነት ክብደት ስለሌላቸው፣ አንዱን ከሌላው ቀንሶ "እድገት" ማለት በራሱ ድፍረት ነው።

"ታዲያ ምን እናድርግ?" አልኳት።

"ተመሳሳይ ቦታ ላይ የጀመሩትን ፈልግ።"

ከሁለቱም ሴክሽን በመግቢያው ከ40 እስከ 55 ያመጡትን ለየን። ከእሷ 12፣ ከእሳቸው 9 ተማሪ ተገኘ። በማጠቃለያው የእሷ 12 በአማካይ 57 አመጡ። የእሳቸው 9 ደግሞ 58። በ21 ልጅ ላይ አንድ ነጥብ ልዩነት ልዩነት አይባልም። አንድ ልጅ ያን ቀን እንቅልፍ ካጣ ይገለበጣል።

መጀመሪያ እሳቸው በ25 ይበልጡ ነበር። ቀጥሎ እሷ በእጥፍ በለጠች። ሲጣራ እኩል ሆኑ። ሦስቱም የወጡት ከአንድ መዝገብ ነው።

ይህ ከኛ ሰፈር የስሌት ድክመት ብቻ የመጣ አይደለም። የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ፣ አብዛኞቹ ጥናቶች በተማሪዎች ውጤት መካከል ከሚታየው ልዩነት መምህሩ ድርሻ የሚኖረው ከ1 እስከ 14 በመቶው ላይ እንደሆነ ማሳየታቸውን ጠቅሷል። መምህር አይጠቅምም ማለት አይደለም። ከፈተና ቁጥር ውስጥ የመምህሩን ድርሻ ነጥሎ ማውጣት ከባድ ነው ማለት ነው። ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ አንዲት የ4ኛ ክፍል መምህርት በእድገት መለኪያው በአንድ ዓመት ከ20፣ 14 አገኘች፤ በሚቀጥለው ዓመት ከ20፣ 1። የሁለቱ ዓመት ተማሪዎቿ ያመጡት ውጤት ተቀራራቢ ነበር። ከሰሰች። በግንቦት 2016 እ.ኤ.አ. ዳኛው ነጥቡን ሰረዘው። ከ14 ወደ 1 የወረደበትን ምክንያት ማንም ሊያስረዳ አልቻለም።

ምልከታውን ስንፈታው

ውጤቱ እንዲህ ከሆነ ምልከታው ይሻል ይሆን? ወደ እሱ ዞርን።

የእሷን ክፍል ያየሁት እኔ ራሴ ነኝ። ቀኑን ከሳምንት በፊት ነግሬያት ነበር፤ ደንቡ እንደዚያ ይላል። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ቅጹን ጭኔ ላይ ዘረጋሁ። ልጆቹ ይገርማሉ። ጥያቄው ሳያልቅ እጅ ይወጣል። የቡድን ሥራው እንደ ሰዓት ይሄዳል። እኔ 4፣ 4፣ 4 እያልኩ ወረድኩ። መሃል ላይ ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና "ቲቸር፣ ይሄን እኮ ማክሰኞ ተምረነዋል" አለች። ክፍሉ ሳቀ። መምህርቷም ሳቀች። እኔም ፈገግ ብዬ 4 መጻፌን ቀጠልኩ።

ያ ነገር ትዝ ያለኝ ከወራት በኋላ ነው። ስጠይቃት አልደበቀችም። "ለእርስዎ ስል ነው የደገምኩት" አለችኝ። "ቅጹ 'ሁሉም ተማሪ ተሳትፏል' ይላል። አዲስ ትምህርት ሲጀመር ሁሉም ተማሪ አይሳተፍም። ግማሹ ግራ ይጋባል። ግራ መጋባት ደግሞ ቅጹ ላይ ነጥብ የለውም።"

ቅጹን እንደ ማጭበርበሪያ አልተጠቀመችበትም። የጠየቅናትን ነው ያሳየችን።

እሳቸውን ያየው ሌላ ሰው ነበር። ከቅሬታው በኋላ ግን እኔም ሄድኩ። ያለ ቅጽ፣ በባዶ ደብተር። ትምህርቱ የክፍልፋይ መደመር ነው። አንድ ልጅ ሰሌዳ ላይ ወጣና 1/2 ሲደመር 1/3 እኩል ይሆናል 2/5 ብሎ ጻፈ። ላይን ከላይ፣ ታችን ከታች ደመረ። ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው። እሳቸው "ልክ ነህ" አላሉም፤ "ተሳስተሃል"ም አላሉም። ጠመኔውን አስቀመጡና "2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?" አሉ። ዝም። ቆጠርኩት፤ ዝምታው 20 ሰከንድ ገደማ ቆየ። ከዚያ ከኋላ አንድ ድምፅ "ያንሳል" አለ። "እንግዲህ" አሉ እሳቸው፣ "ግማሽ ነበረኝ። ተጨመረልኝ። አነሰብኝ። እንዴት ነው ነገሩ?" ሰሌዳው ፊት የቆመው ልጅ ማንም ሳይነግረው ዳስተሩን አነሳ።

ቢሮ ተመልሼ 24ቱን መስፈርት አንድ በአንድ አየሁ። "መርጃ መሣሪያ ተጠቅሟል" የሚል አለ። "ዓላማውን ሰሌዳ ላይ ጽፏል" የሚል አለ። "ተማሪዎችን በቡድን አወያይቷል" የሚል አለ። የተማሪን ስህተት ይዞ ወደ መረዳት ማድረስ የሚል የለም። ቅጹ ላይ ያ 20 ሰከንድ ምናልባት "ክፍሉን አላነቃቃም" ተብሎ ይመዘገብ ነበር።

አንድ ፍተሻ ቀረን። እኔና የዲፓርትመንት ኃላፊዋ አንድ ሦስተኛ መምህር ክፍል አብረን ገባን። አንድ ትምህርት፣ አንድ ቅጽ። እኔ 3.4 ሰጠሁ። እሷ 2.5። ተሳትፎ የሚለው ላይ እኔ የወጡትን እጆች ነው የቆጠርኩት። እሷ የተናገሩትን ልጆች ቆጠረች። ከ46 ተማሪ የተናገሩት ስድስት ናቸው።

የቀየርነው

መጀመሪያ ያደረግነው ድምሩን መሰረዝ ነው። ምልከታና ውጤት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ እንጂ አይደመሩም አልን። ሁለቱ ሲጣሉ አማካይ ከማውጣት ይልቅ ሄዶ ማየት ግዴታ ሆነ።

ምልከታው ላይ፣ ረጅሙን አንድ ጉብኝት በአራት አጫጭር ተካነው። እያንዳንዱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በሁለት የተለያዩ ሰዎች። ይህን ከራሳችን አላመጣነውም። የጌትስ ፋውንዴሽን ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 3,000 ገደማ መምህራንን ይዞ ያስጠናው ትልቅ ጥናት፣ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ከሚያይ ሁለት ሰው አንድ አንድ ጊዜ ቢያዩ ነጥቡ የበለጠ እንደሚታመን አሳይቷል። ከዚያው ጥናት የወጣ አንድ ነገር ግን እኔን ተቃወመኝ። መምህራን የሚታይላቸውን ትምህርት ራሳቸው ሲመርጡ ነጥባቸው ከፍ ይላል፤ ማን ከማን ይሻላል የሚለው ቅደም ተከተል ግን ብዙም አይናጋም። ስለዚህ "ማክሰኞ ተምረነዋል" ያሰብኩትን ያህል ደረጃውን አያበላሽ ይሆናል። እኔ ግን የተደገመ ትምህርት አይቼ ለመምህሩ የምመክረው ምንም አላገኘሁም። ስለዚህ ቀኑን መናገር ተውን፤ የሁለት ሳምንት ጊዜ ብቻ እናሳውቃለን።

የአሞላሉ ሥርዓትም ተቀየረ። ክፍል ውስጥ ነጥብ መስጠት ክልክል ነው። መምህሩ ያለውን፣ ተማሪው የመለሰውን፣ ሰዓቱን፣ የተናገሩትን ልጆች ብዛት ብቻ ነው የሚጻፈው። ነጥብ የሚሰጠው ከወጡ በኋላ፣ ከተጻፈው ተነስቶ ነው። 24ቱን መስፈርት ወደ 7 አወረድናቸው። በዓለም ላይ በሰፊው ከሚሠራባቸው የመምህር ምዘና ማዕቀፎች አንዱ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የሻርሎት ዳንኤልሰን፣ በ4 ዘርፍ 22 ነጥቦች አሉት። እሱ ግን ለእያንዳንዱ ነጥብ ደረጃ በደረጃ ማብራሪያ አለው፤ ተመልካቾችም ይሠለጥኑበታል። እኛ ጋ ያለው ማብራሪያ የሌለው ዝርዝርና ጊዜ የሌለው ምክትል ርዕሰ መምህር ነው። 7 ለኛ ይበቃል።

ውጤት ላይ፣ የመግቢያ ፈተናው ከመሳቢያ ወጣ። ማጠቃለያ ፈተናውን ዲፓርትመንቱ በጋራ ያወጣል። እርማቱ በጥያቄ ይከፋፈላል፤ አንዱ መምህር የሁሉንም ሴክሽን ከ1 እስከ 5፣ ሌላው ከ6 እስከ 10። ዘግይተው የገቡ ተማሪዎች ለብቻ ይቆጠራሉ። የሴክሽን ምደባውም በሚቀጥለው ዓመት ተቀላቀለ። በነገራችን ላይ ትልቁ ጠብ የተነሳው እዚህ ላይ ነው። ወላጅ "ልጄን ከጎበዞቹ ለምን ለያችሁት?" ብሎ መጣ። ስለ ምዘናው ግን አንድ ወላጅ እንኳ አልጠየቀንም።

የሠራው

ከሁሉም በላይ የሠራው ያላሰብነው ነገር ነው። እርማቱ በጥያቄ ሲከፋፈል፣ ሳናቅደው ውጤቱም በጥያቄ ተከፋፍሎ ተቀመጠ። አንድ ቀን የዲፓርትመንት ኃላፊዋ ሁለቱን መምህራን ጠርታ የሁለቱን ሴክሽኖች ውጤት በጥያቄ በጥያቄ ዘረጋችላቸው። አማካይ የለም። ተመሳሳይ ቦታ የጀመሩት ልጆች ብቻ ናቸው ያሉት። የቃል ፕሮብሌም ላይ፣ ማለትም ታሪኩን አንብቦ ወደ ሒሳብ መቀየር ላይ፣ የእሷ ልጆች በግልጽ ይሻላሉ። "ስህተቱን ፈልገህ አርም" የሚለው ጥያቄ ላይ የእሳቸው ልጆች ርቀው ሄደዋል።

እሷ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ "ጋሼ፣ ይሄን እንዴት ነው የሚያስተምሩት?" አለቻቸው።

"ነይና እይ" አሏት።

ሄደች። ሦስት ጊዜ ገባች። ከዚያ እሳቸውም የእሷ ክፍል ገቡ፤ ይህን ማንም አልጠየቃቸውም። ቡድን አሁንም አይወዱም። ግን የቃል ፕሮብሌም ሲያስተምሩ ተማሪው ታሪኩን መጀመሪያ በራሱ አባባል ለጎኑ ልጅ እንዲነግር ማድረግ ጀመሩ። እሷ ደግሞ ዝምታ ተማረች። በሚቀጥለው ምልከታ ደብተሬ ላይ "ጠየቀች፤ 11 ሰከንድ ጠበቀች" የሚል አለ። በፊት ከ2 ሰከንድ በላይ አትጠብቅም ነበር።

የተመልካቾች ልዩነትም ጠበበ። መጀመሪያ ጽፎ በኋላ ነጥብ መስጠት ብቻውን ብዙ አስተካክሏል። እኔና ኃላፊዋ ድጋሚ አብረን ገብተን ስንሞክር በ0.3 ብቻ ተለያየን። የተለያየንበትንም ደብተር ገልጠን መነጋገር ቻልን። ድሮ የምንከራከረው በስሜት ነበር።

ያልሠራው

የተማሪዎች መጠይቅ አበላሽተናል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ልጆች በየቀኑ መምህሩን ስለሚያዩ ከኛ ይልቅ ያውቁታል። ግን ወረቀቱን የክፍል አለቃው ሰብስቦ እንዲያመጣ አደረግን። አለቃው ሰበሰበ፣ አነበበ፣ ማን ምን እንደጻፈ ለክፍሉ አወራ። አንድ ልጅ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ "ከሳሹ" እየተባለ ተጠራ። ያንን ልጅ ይቅርታ ጠይቀናል። መጠይቁን አቆምን። ጥፋቱ ከመጠይቁ ሳይሆን ከኛ ነው። ሌላ ሰው በታሸገ ፖስታና በውጭ ሰው ቢያሰባስበው ሊሠራለት ይችላል።

ቪዲዮም ሞክረን ነበር። አንድ መምህር አልቀረጽም አለ፤ መብቱ ነው። በተቀረጸው ክፍል ደግሞ ልጆቹ ለካሜራው ሲያሾፉ 40 ደቂቃ አለቀ።

አራቱ ጉብኝቶችም እንደታቀዱት አልሄዱም። ለአብዛኛው መምህር ሁለት ወይም ሦስት ነው የደረሰው። ጥዋት ክፍል ልገባ ስነሳ ወላጅ በር ላይ ይቆማል፤ ወይም ስብሰባ ይጠራል። የማይካድ ነገር ነው፤ ምልከታ ጊዜ ይበላል፣ ጊዜውም ከአንድ ሰው ሥራ ላይ ይቀነሳል። የጋራ ፈተና ለሌላቸው ለስፖርት፣ ለሙዚቃና ለሥዕል መምህራን ደግሞ ምንም አላመጣንም። ለእነሱ ምልከታ ብቻ ነው ያለው። "እኛ ግማሽ መምህር ነን ማለት ነው?" ብለው ቀልደዋል። ቀልዱ እውነት አለበት።

የሴክሽኖቹ አጠቃላይ ውጤት በዚህ ምክንያት ጨመረ ብዬ አልጽፍም። አንድ ሴሚስተር ከፍ አለ፣ በሚቀጥለው ተመለሰ። ከዚህ በላይ ስለ ፈተና ቁጥር የጻፍኩትን ያነበበ ሰው ከዚህ ሌላ እንድል አይጠብቅም። የጌትስ ፋውንዴሽን ከዚያ ጥናት ሌላ ያካሄደው ትልቅ ፕሮጀክትም ቢሆን፣ የመምህራን ምዘናን መሠረት አድርጎ በሦስት ወረዳዎችና በአራት የቻርተር (በመንግሥት ገንዘብ፣ ግን በራሳቸው አስተዳደር የሚሠሩ) ትምህርት ቤት ድርጅቶች ለዓመታት ከተሠራበት በኋላ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም ያወጣው ግምገማ የተማሪዎችን ውጤት በታሰበው መጠን እንዳላሻሻለ ነው የደመደመው።

ይህን ለሚሞክር

ሌላ ትምህርት ቤት ሄጄ ብሠራው ከምን እጀምራለሁ ብዬ አስቤያለሁ።

ከምደባው እጀምራለሁ። ሴክሽኖቹ በችሎታ ተለይተው እስካሉ ድረስ የትኛውም የውጤት ስሌት የሚለካው ምደባውን ነው። ቀጥሎ ዓመቱ ሲጀመር የመግቢያ ፈተና እሰጣለሁ፤ መሳቢያ ውስጥም አላስተኛውም። አንድ ሴክሽን 40 ወይም 50 ልጅ ነው፤ ከአንድ ሴሚስተር ተነስቼ በመምህር ላይ ደብዳቤ አልጽፍም። ሁለት ሦስት ዓመት ሲደጋገም ያኔ እናያለን።

ቅጹን ከመሙላቴ በፊት አብሮኝ ከሚገባ ሰው ጋር ሁለት ሦስት ክፍል ነጥቡ ሳይያዝ እለማመዳለሁ። ሁለት ተመልካቾች ካልተስማሙ መምህሩን መውቀስ አይቻልም። ለመርዳት የሚገባ ሰውና ለመፍረድ የሚገባ ሰው ቢለያዩ ደግሞ እመርጣለሁ። እኛ ጋ የሰው እጥረት ስላለ አልቻልንም። ግን መምህር ፊት ለፊቱ ያለው ሰው ደብዳቤ ሊጽፍ እንደሚችል እያወቀ "ይሄ ትምህርት ይከብደኛል" አይልም። ማክሰኞ የተማሩትን ያስተምርለታል።

መጨረሻው

ሁለቱን ደብዳቤዎች ለመሰረዝ ወሰንን። ሪከርድ ክፍል ግን እምቢ አለ። ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ከፋይል አይወጣም፤ መሻሪያ ደብዳቤ ከላይ ይያያዛል እንጂ። ስለዚህ 69 አሁንም እዚያው አለ። በላዩ ላይ ሌላ ወረቀት በስቴፕለር ተመቷል።

እሷ በዓመቱ መጨረሻ ለቀቀች። ሌላ ቦታ የተሻለ ደመወዝ አግኝታ ነው፤ ቢያንስ እንደዚያ አለችኝ።

እሳቸው መሻሪያውን ለማንበብ ቢሮዬ መጡ። ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ገልብጠው ጀርባውንም አዩት።

"ታዲያ አሁን ስንት ነኝ?" አሉኝ።

"በዚህ ዓመት ቁጥር የለም" አልኳቸው። "የታዩት አራት ክፍሎች ማስታወሻ ከስር ተያይዟል።"

ማስታወሻውን ገለጡ። የክፍልፋዩ ትምህርት ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው። 20 ሰከንድ የሚለውን በጣታቸው ነኩት።

"15 ብትል ይሻል ነበር" አሉ። "20 ረዝሟል።" ከዚያ ክፍል አለኝ ብለው ወጡ።